ወተት የቀነሰችው ፍየል፦ የአንድ ጀማሪ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

ትናንሽ የወተት ፍየሎች ማርባት የጀመሩ ሰዎች ወተት ሲቀንስባቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ተመሳሳይ ነው። እህል ይጨምራሉ። አንዳንዴ ይሠራል። ከታች የምጽፍለት ቤተሰብ ጋ ግን ፍየሏን ሊገድላት ምንም አልቀረው ነበር፤ እሷ የጎደላት ደም እንጂ መኖ አልነበረም።

እኔ ጉዳዩ ውስጥ የገባሁት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ነው። ሕክምናውን የመራው የእንስሳት ሐኪም ነው። ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅደዋል፣ ስማቸውንም ሆነ የሚኖሩበትን ቦታ አላነሳም።

## መነሻው

ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለት ልጆች አሏቸው። ከዚህ በፊት ከዶሮ ያለፈ እንስሳ አልያዙም። የፈለጉት ለቤት የሚበቃ ወተት ብቻ ነው። ናይጄሪያን ድዋርፍ የሚባለውን ዝርያ መረጡ፣ ምርጫቸውም ጥሩ ነበር። ትከሻዋ ላይ ስትለካ ከ60 ሴንቲሜትር የማትበልጥ ፍየል ናት፣ ልጅ እንኳ ይዞ ሊመራት ይችላል። ጥሩ ከተያዘች በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ገደማ ትሰጣለች። ወተቷም ቅባት የበዛበት ነው፤ ትልልቆቹ የወተት ፍየሎች 3 እና 4 በመቶ አካባቢ ሲሆኑ የዚህች ከ6 በመቶ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው።

መጀመሪያ አንድ ብቻ ሊገዙ አስበው ነበር። ፍየል ብቻዋን አይሆንላትም። ቀኑን ሙሉ ትጮኻለች፣ መኖ ትተዋለች፣ አጥር ለአጥር ትመላለሳለች። ይህን የሚያውቅ ሰው መክሯቸው ሦስት ገዙ፦ ደጋግማ የወለደች አንዲት ትልቅ እናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወልዳ ሁለት ግልገሎች የያዘች ወጣት፣ እና ለጓደኛ የሚሆን አንድ ሙክት። ከዚህ በኋላ ትልቋ፣ ወጣቷ እና ሙክቱ እያልኩ እጽፋለሁ።

ዝግጅታቸው የሚያስመሰግን ነበር። በረቱ ደረቅ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ነፋስ በቀጥታ አይገባበትም፣ አየር ግን ይዘዋወርበታል። አጥሩ ጠንካራ ነው። ኮቴ ለመቁረጥ መቀስ ሳይቀር ገዝተዋል። የጎደለው ሁለት ነገር ነው። ፍየሎቹ ከሁለት የተለያዩ ቦታ መጥተው በመጡበት ቀን አንድ ላይ ተቀላቀሉ። የግጦሽ ቦታው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፣ ያውም ትንሽ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሣሩ መሬት ድረስ ተግጦ አለቀ። ከላይ ሲታይ ንጹሕና የተስተካከለ ይመስላል፣ ቤተሰቡም በዚያ ደስ ብሏቸው ነበር። ለፍየል ግን ከዚህ የባሰ ሜዳ የለም፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

## ችግሩ

ከመጡ ሁለት ወር ገደማ ሲሆናቸው ትልቋ ወተት ቀነሰች። በቀን አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ የምትሰጠው ወደ አንድ ሊትር ወረደች፣ ከዚያ ወደ ግማሽ። ትበላለች። ታመሰኳለች። አያስቀምጣትም፣ በጠጧም እንደወትሮው ፍሬ ፍሬ ነው። ከሌሎቹ ትንሽ ወደኋላ ትቀራለች፣ ቶሎ ቶሎ ትተኛለች፣ ፀጉሯም ወዙን አጥቶ ቆሟል፤ ይህን ግን ቤተሰቡ ያስተዋለው ኋላ ላይ የድሮውን ፎቶ ከአዲሱ ጋር ሲያስተያይ ነው።

ባልየው ከየአቅጣጫው ምክር ጠየቀ። አብዛኛው ሰው ያለው አንድ ነገር ነው፦ «የምትታለብ ፍየል እህል ትፈልጋለች።» እውነት ነው፣ ትፈልጋለች። እሱ ግን በቀን ሩብ ኪሎ የነበረውን በሦስት ቀን ውስጥ ወደ አንድ ኪሎ አደረሰው።

## የመጀመሪያው ሙከራ፦ እህል

በአራተኛው ቀን ጠዋት ትልቋ አልተነሳችም። ግራ ጎኗ ተነፍቷል፣ ማመስኳት አቁማለች፣ በጠጧም ወደ ገንፎ ተቀይሯል። ጥርሷን ታፋጫለች።

የሆነው ነገር አስቸጋሪ አይደለም ለመረዳት። የፍየል የመጀመሪያው ጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው፣ እነሱ ደግሞ የለመዱት ሣርና ቅጠል ነው። እህል በድንገት ሲበዛ አሲድ የሚያመርቱት ዓይነቶች ይበረክታሉ፣ ሌሎቹ ይሞታሉ፣ ሆዷ ይኮመጥጣል። እህል መጨመር ካስፈለገ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው፣ ያውም ድርቆሽ ቀድሞ ገብቶ።

ሐኪሙ እህሉን ሙሉ በሙሉ አስቆመ፣ አሲዱን የሚያበርድ ነገር በአፍ ሰጣት፣ ለሁለት ቀን ደረቅ ድርቆሽና ውሃ ብቻ አዘዘ። የክትባት መዝገብ ስለሌላት ክትባትም ጀመረላት። እንዲህ ያለ የእህል ጫና አንጀት ውስጥ ተኝቶ የሚኖረውን ክሎስትሪዲየም የሚባል ባክቴሪያ ያነቃዋል፣ እሱ የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ ያልተከተበችን ፍየል በአንድ ሌሊት ይጨርሳታል። እሷ ተረፈች። ወተቱ ግን አልተመለሰም። ከድጡ ወደ ማጡ ሊሆን ነበር፣ የመጀመሪያው ችግርም እንዳለ ቁጭ ብሏል።

## ሁለተኛው ሙከራ፦ ግት

ቀጥሎ የተጠረጠረው ግቷ ነው። ይህ ጥርጣሬ ትክክል ነበር፣ መልሱ ሌላ ሆኖ ቢገኝም መፈተሽ ነበረበት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጠብታዎች ጥቁር ዕቃ ላይ አልበን አየን። የረጋ ነገር የለም፣ ደም የለም። ግቷ አይሞቅም፣ አልጠጠረም። ካሊፎርኒያ ማስታይቲስ ቴስት የሚባለውን ምርመራም አደረግን፤ ወተቱን ከፈሳሹ ጋር ስታማስለው ግቱ የታመመ ከሆነ እንደ ጄሊ ይወፍራል። አልወፈረም።

አስተላለቡንም አየን። የዚህ ዝርያ ጡት አጭር ስለሆነ ሙሉ እጅ አይገባበትም፣ በአውራ ጣትና በሁለት ጣት ነው የሚታለበው። አዲስ ሰው እጁ ሲዝልበት ወተቱን ሳይጨርስ ይተዋል፣ ግቱ ውስጥ የሚቀር ወተት ደግሞ ምርቱን ራሱ ይቀንሳል። ሴትየዋ ግን በዚያን ጊዜ እጇ ተክኗል። ሲያልቅ ግቱ ባዶ ከረጢት ሆኖ ይንጠለጠላል። ችግሩ እዚያ አልነበረም።

## ማታ የሚመጣው እብጠት

በዚህ መሐል ሴትየዋ አንድ ነገር ደጋግማ ትናገር ነበር። ማታ ፍየሎቹ ከግጦሽ ሲገቡ ትልቋ መንጋጋዋ ሥር ያብጣል። ጠዋት ግን የለም። ሐኪሙ የሚመጣው ጠዋት ስለሆነ አያየውም። ነፍሳት ነድፏት ይሆናል ተባለ። ጥርስ ይሆናል ተባለ።

«ዶክተር፣ ማታ ቢያዩት ኖሮ ያምኑኝ ነበር» አለችው፣ ከዚያም በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችው።

ፎቶውን እንዳየ ነገሩ ተለወጠ። ለስላሳ፣ የማያም፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ የሚቆይ እብጠት ነው። ፕሮቲን ሲያልቅ ደም ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ሥጋ ይወጣል፤ ፍየሏ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስለምትግጥ ውሃው መንጋጋ ሥር ይጠራቀማል፣ ሌሊት ቀና ብላ ስትተኛ ተመልሶ ይወርዳል። ጠዋት የማይታየው ለዚህ ነው። ያለዚያ ፎቶ ስንት ቀን እንደምንዘገይ አላውቅም።

ሐኪሙ ዓይኗን ፀሐይ ባለበት ገለጠው። አሠራሩን ልግለጸው፣ ማንም ሊማረው የሚችል ነገር ነው። በአንድ አውራ ጣት የላይኛውን ቆብ ዓይኗ ላይ ቀስ ብለህ ትጫናለህ፣ በሌላው የታችኛውን ቆብ ወደታች ትስባለህ፣ ያኔ የውስጡ ሽፋን ብቅ ይላል። ጤነኛ ፍየል ላይ ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ነው። ትልቋ ላይ ግን እንደ ወረቀት ነጭ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ፋማቻ የሚባል ባለ አምስት ደረጃ የቀለም ካርድ አለ፤ 1 ቀይ ነው፣ 5 ነጭ። ትልቋ 5 ሆነች። ወጣቷ 3፣ ሙክቱ 1።

## «ትል ሊሆን አይችልም»

ሐኪሙ ደሟን የጨረሰው ትል ሳይሆን አይቀርም ሲል ባልየው የተናገረው ይህንን ነው፦ «ትል ሊሆን አይችልም፣ መድኃኒት ሰጥተናል።» በኔ ግምት ጉዳዩን ከሁሉም በላይ ያዘገየው ይህ እምነት ነው። ሲመጡ አንድ ጊዜ፣ ከወር በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት ሰጥቷቸዋል። መዝገቡም አለው። ሰውየው ግዴታውን ተወጥቷል፣ የጎደለውን ማንም አልነገረውም እንጂ።

ሁለት ነገር ተበላሽቷል። አንደኛ፣ ክብደቷን በዓይኑ 20 ኪሎ ብሎ ገምቶ ነበር፣ በደረት ዙሪያ መለኪያ ሲለካ 32 ወጣ። በዚያ ላይ መጠኑን የወሰደው ለበግ ከተጻፈው መመሪያ ነው፣ የፍየል ሰውነት ግን ብዙዎቹን የትል መድኃኒቶች ከበግ በፍጥነት ያስወግዳል። ሁለተኛ፣ ትሎቹ መድኃኒቱን ለምደውታል። ይህን ያወቅነው በወጣቷ ላይ ነው፤ ከባድ ሁኔታ ላይ ስላልነበረች ሐኪሙ ያንኑ መድኃኒት በትክክለኛው መጠን ሰጥቶ በፊትና ከሁለት ሳምንት በኋላ በጠጧን አስመረመረ። የሚሠራ መድኃኒት የእንቁላሉን ቁጥር በ95 በመቶና ከዚያ በላይ ያወርዳል። የሷ በግማሽ ብቻ ወረደ።

ላቦራቶሪው ያገኘው ትል ሄሞንኩስ ኮንቶርተስ ይባላል። አራተኛው ጨጓራ ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ ሲሰሙት ምንም አይመስልም። አንድ ሺህ ሲሆኑ ግን በቀን 50 ሚሊ ሊትር ነው፣ 32 ኪሎ የምትመዝን ፍየል ደግሞ ጠቅላላ ደሟ ሁለት ሊትር ከምናምን ነው። ሌሎች የሆድ ትሎች ያስቀምጣሉ፣ ይኼኛው ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ አያስቀምጥም። ስለዚህ በጠጡን አይቶ «ሆዷ ደህና ነው» ያለ ሰው ይታለላል። እህል የጨመርነው፣ ግት የፈተሽነው ሁሉ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ነበር።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

ለትልቋ ጊዜ አልነበረም። ሐኪሙ ከአልቤንዳዞል የተለየ ምድብ የሆኑ ሁለት የትል መድኃኒቶችን በአንድ ቀን፣ እያንዳንዱን በሙሉ መጠኑ ሰጣት። መጠኑን እዚህ አልጽፍም፣ ምክንያት አለኝ። አንዳንዱ የትል መድኃኒት ለፍየል ከበግ እጥፍ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ግን እጥፉ ይመርዛታል። ይህን ሐኪም ይወስን። ወተቷም ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ተደፋ።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሕክምና ዕረፍትና ፕሮቲን ነበር። ደሟ ያለቀባት ፍየል ስትባረር ልትወድቅና እዚያው ልትሞት ትችላለች፣ ስለዚህ ልጆቹ እንዳያሯሯጧት ተነገራቸው፣ ውሃና መኖ አጠገቧ ቀረበ። ጥሩ የአልፋልፋ ድርቆሽ በትንሽ በትንሹ፣ እህል ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ ተብሎ ተመለሰ። የማዕድን ጨውም ተቀየረ፤ ይሰጧት የነበረው ለበግ የተዘጋጀ ነው፣ በግ መዳብ ስለሚመርዘው በበግ ጨው ውስጥ መዳብ አይጨመርም፣ ፍየል ግን ያስፈልጋታል።

ሙክቱ መድኃኒት አልተሰጠውም። እዚህ ላይ ቤተሰቡ ተከራከረ፣ «ለሁሉም ካልሰጠን መልሶ አይዛቸውም ወይ?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ትንሽ ያስገርማል። ለሁሉም ስትሰጥ ሜዳው ላይ የሚቀረው መድኃኒቱን የተቋቋመው ትል ብቻ ይሆናል፣ የሚዋለደውም እሱ ነው። ጤነኛ የሆኑትን ሳታክም ስትተው መድኃኒት የማያውቀው ትል ከተላመደው ጋር ይቀላቀላል፣ መድኃኒቱም ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል።

ትልቁ ሥራ ሜዳው ነበር። የትሉ እንቁላል ከበጠጥ ጋር ይወድቃል፣ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በሳምንት ገደማ ወደ እጭ ያድጋል፣ እጩ ደግሞ በጤዛ እየተሳበ ሣር ላይ ይወጣል። ሩቅ አይሄድም። አብዛኛው ከመሬት አምስት ሴንቲሜትር ውስጥ ነው። ሣሩ ከ10 ሴንቲሜትር በታች ሳይወርድ ፍየሎቹ ከተነሱ የሚውጡት እጭ ትንሽ ነው። የዚህ ቤተሰብ ሜዳ ግን መሬት ድረስ የተላጨ ነበር፣ በእያንዳንዱ ጉርሻ እጭ ይገባል። ፍየል በተፈጥሮዋ ቀና ብላ ቅጠልና ቀንበጥ የምትለቅም እንስሳ ናት፣ ከሣር ትል ጋር በደንብ የመታገል አቅምም የላትም።

ስለዚህ ሜዳው ተዘጋ። ፍየሎቹ ደረቅ ግቢ ውስጥ ሆነው መኖ ይቀርብላቸው ጀመር። ቅርንጫፍ ተቆርጦ በአንገታቸው ከፍታ ይንጠለጠላል።

## የሠራው

ደረቁ ግቢና የተንጠለጠለው ቅርንጫፍ ከሁሉም በላይ ሠራ። አዲስ እጭ መግባቱ ስለቆመ መድኃኒቱ ያጸዳው ጸድቶ ቀረ። የትልቋ የዓይን ቆብ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ5 ወደ 2 መጣ። ወተቷ ወደ አንድ ሊትር ገደማ ተመለሰ። ወደ ድሮው አንድ ሊትር ተኩል ግን በዚያ አለባ ዘመን አልደረሰችም፣ አንዴ የወረደ ወተት ሙሉ በሙሉ መመለስ ይከብደዋል።

በየሁለት ሳምንቱ ዓይን ማየትም ሠራ። አሁን ይህን የምትሠራው ታላቋ ልጃቸው ናት። ቀለሙን ከካርዱ ጋር አስተያይታ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ወላጆቿ ብዙ ጊዜ ከሷ ግምት ጋር ይስማማሉ።

## ያልሠራው

ድርቆሹን መጀመሪያ መሬት ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፍየል የረገጠችውን አትበላም፣ ግማሹ ይባክናል። ከዚያ ከፍ ያለ ሰፊ ገንዳ ሠሩ። አዋቂዎቹ ተስማማቸው፣ ግልገሎቹ ግን ገንዳው ላይ ወጥተው ይተኙበት፣ ይጸዳዱበት ጀመር። የወጣቷ ሁለት ግልገሎች ያኔ ገና ትንንሾች ነበሩ። አንዱን አስቀመጠው። ቤተሰቡ ስለ ትል ገና መማሩ ስለነበር የትል መድኃኒት ሰጡት። የያዘው ግን ኮክሲዲያ ነበር። ኮክሲዲያ ትል አይደለም፣ አንድ ሕዋስ ያለው ተሕዋስ ነው፣ በትል መድኃኒት አይነካም። ሐኪሙ ጋ ሲደርስ ሰውነቱ ውሃ ጨርሶ ነበር። በማግስቱ ሞተ። ልጆቹ በጣም አለቀሱ፣ እኔም እስካሁን ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም በጊዜ ቢታወቅ ሕክምናው ቀላል ነው። ሁለተኛው በትክክለኛው መድኃኒት ተረፈ። ገንዳው ፈርሶ ጭንቅላት ብቻ የሚያስገቡበት ቀዳዳ ያለው ሌላ ተሠራ።

ጤዛ እስኪደርቅ ጠብቆ ሜዳ ላይ መልቀቅም ተሞክሮ ነበር። ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሣሩ እንደዚያ ካጠረ ሰዓት መጠበቅ አያድንም።

## ለሌላው ጀማሪ የሚተርፍ

ወተት ሲቀንስ መኖ ከመጨመር በፊት የሚታይ ቅደም ተከተል ቢኖር ጥሩ ነው፣ እኔ የምመክረው ይህን ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ምክንያቱም የቆሸሸ ውሃ ፍየል አትጠጣም፣ ካልጠጣች ወተት የለም። ቀጥሎ የዓይን ቆብ። ቀጥሎ ግትና የሰውነት ሙቀት፤ ጤነኛ ፍየል ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ አካባቢ ናት፣ ሞቃት ቀን ላይ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሣይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

መድኃኒት ሰጠሁ ማለትና ትሉ ሞተ ማለት ይለያያሉ። ማረጋገጫው በጠጥ ማስመርመር ነው። ትኩስ በጠጥ፣ ከፊንጢጣ ወይም ሲወድቅ የተነሳ፣ በላስቲክ ታሽጎ በቅዝቃዜ ቶሎ ላቦራቶሪ ይድረስ፤ ሲውል ሲያድር እንቁላሉ ይፈለፈልና ቁጥሩ ያሳስታል። ክብደትን ደግሞ መለካት እንጂ መገመት አይደለም።

አዲስ ፍየል ስትገዛ ለአንድ ወር ገደማ ለብቻ ማቆየት፣ በጠጧን ማስመርመር፣ ከዚያ መቀላቀል። እነዚህ የተላመዱ ትሎች ከየትኛዋ ፍየል ጋር እንደመጡ ማረጋገጥ አልተቻለም፣ ተለያይተው ቢቆዩ ኖሮ ይታወቅ ነበር።

እና ቤት ውስጥ እንስሳውን በቀን ሁለቴ የሚያይ ሰው የሚናገረውን ስሙ። ይህን የምለው ለባለሙያዎች ነው። ያቺ ሴት እብጠቱን አይታዋለች፣ ተናግራለችም።

## አሁን ያለበት

ትልቋ ተጠቅታ አርግዛለች። የፍየል እርግዝና 150 ቀን ገደማ ነው፣ ሊወለድ ሁለት ወር ሲቀረው ወተቷ ይደርቃል። በወሊድ ሰሞን የእናት መከላከያ ስለሚዳከም የትሉ እንቁላል ይበዛል፣ ስለዚህ ከመውለዷ በፊትና በኋላ በጠጧ ይመረመራል።

ያከራከረው ጥያቄ ግልገሎቿን ለዘር ይያዙ አይያዙ የሚለው ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ትል የሚሸከሙት ጥቂት ፍየሎች ናቸው፣ ትልን የመቋቋም አቅምም በዘር ይተላለፋል። ሙክቱ እዚያው ሜዳ ላይ ውሎ ዓይኑ ቀይ ሆኖ ቆይቷል፣ ትልቋ ግን አልቻለችም። እኔ የምለው ሴት ግልገል ከወለደች ከሙክቱ እናት ከሚገኝ ዘር ጋር አስተያይተው ይወስኑ ነው፣ ሻጩም አለች ብሏቸዋል። ሴትየዋ ግን ትልቋን በጣም ትወዳታለች፣ እዚህ ቤት የምትወልደውን የመጀመሪያ ግልገል ማንም አይወስድባትም ብላለች። ስለዚህ ሴት ከወለደች ግልገሏ ትቀራለች፣ ጡት ከጣለችበት ጊዜ ጀምሮ የዓይኗ ቀለም ደብተሩ ላይ ለብቻው ገጽ ይኖረዋል።